ዕረፍትም ለሯጭ ሥራ ነው

ሩጫ የኢትዮጵያውያን መታወቂያ ሆኗል ቢባል ማጋነን አይሆንም። በየትኛውም ከተማ ማለዳ ተነሥቶ መንገድ የወጣ ሰው ሁለት ሦስት ወጣቶች ተከታትለው ሲሮጡ ሳያይ አይመለስም። ይሁን እንጂ ስለ ሩጫ በተነሣ ቁጥር የምናወራው ስለ ፍጥነቱና ስለ ወርቁ ነው፤ ሯጩ ሩጫውን ጨርሶ ቤቱ ከገባ በኋላ ለገዛ ሰውነቱ ምን እንደሚያደርግለት የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ዛሬ በዚህ ዓምድ ልናነሣ የፈለግነው ይህንኑ የተረሳ ጥያቄ ነው። ለመጻፍ ያነሣሣን ደግሞ በሸሕዲ ያየነው ነገር ነው።

ሸሕዲ፣ በሌላ ስሟ ገንዳ ውሃ፣ ከጎንደር ተነሥቶ በአይከል በኩል ወደ መተማ ዮሐንስና ወደ ሱዳን ድንበር በሚወርደው መንገድ ላይ የምትገኝ የምዕራብ ጎንደር ከተማ ናት። አገሩ የሰሊጥ፣ የጥጥና የማሽላ አገር ነው። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር አይሞላም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ የሯጮች መፍለቂያ የሆነችው በቆጂ ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ መሆናቸውን ላሰበ ሰው፣ «ሯጭ የሚወለደው በደጋ ነው» የሚለው አባባል እውነት ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን የቆላ ልጅም ይሮጣል። በሸሕዲ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥተን መንገድ ስንወጣ፣ ጨለማው ገና ሳይገፍ የሩጫ ኮቴ ይሰማን ነበር።

ለምን በዚያ ሰዓት እንደሚሮጡ ለመረዳት ብዙ ምርምር አያሻም። በመጋቢት፣ በሚያዝያና በግንቦት የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ጊዜ አለ። የሰው ቆዳ ሙቀት 35 ዲግሪ ገደማ ነው። አየሩ ከቆዳ ሲቀዘቅዝ ሰውነት የውስጥ ሙቀቱን ወደ አየሩ ይለቃል፤ አየሩ ከቆዳ ሲበልጥ ግን ነገሩ ይገለበጥና ሰውነት ከአየሩ ሙቀት ይቀበላል። በዚያን ጊዜ የሚቀረው መከላከያ ላብ ብቻ ነው። ልብም ሁለት ሥራ ይደራረብበታል፤ በአንድ በኩል ለሚሮጡት እግሮች፣ በሌላ በኩል ለሚያልበው ቆዳ ደም ማዳረስ አለበት። ስለዚህ የሸሕዲ ሯጭ የሚሮጥበት ሰዓት ጠባብ ነው። ከረፋዱ 3 ሰዓት በኋላ ፀሐይ ጌታ ናት። ክረምት ሲገባ ደግሞ የዋልካው ጭቃ እግር ይይዛል። አንዳንድ ጊዜም የጸጥታው ሁኔታ ሰውን ከቤቱ አያስወጣም።

ታዲያ ሰዓቱ የጠበበበት ወጣት ምን ያደርጋል? ባለችው ሰዓት ያለ ልክ ይሮጣል። በሥራ ምክንያት በከተማዋ በሰነበትንበት ወቅት ከነዚህ ሯጮች አንዱን፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሆነውን፣ በግራ እግሩ ሲያነክስ አየነውና አስቆምነው። ጅማቱ ከተረከዙ በላይ አብጦ ነበር። ለምን እንደማያርፍ ብንጠይቀው፣ «ጋሼ፣ ካረፍሁ ሌላው ይቀድመኛል፤ ምርጫው ደርሷል» አለን። ምርጫ የሚለው የስፖርት ክለብ ሯጮችን የሚመለምልበትን ውድድር ነበር። ይህ ልጅ የተናገረው የእርሱን ብቻ ሳይሆን በየከተማው ያሉ የብዙ ወጣቶችን እምነት ነው። ዕረፍት ማለት ወደ ኋላ መቅረት ነው ብለው ያምናሉ። እኛም ይህ እምነት ስሕተት ነው ለማለት ብዕር አነሣን።

ልጁን ለመውቀስ ግን አፋችን አልደፈረም። በዩኒቨርሲቲ ሳለን እኛም ይህንኑ አድርገናል። ቋንጃችንን ከታመምን በኋላ «ሲሞቅ ይለቀናል» እያልን በአስፋልት ላይ ሦስት ሳምንት ሮጥንበት። ሦስቱን ሳምንት ለማዳን የፈለግን አራት ወር ከሩጫ ተለየን። ትልልቆቹም ቢሆኑ ከዚህ ፈተና አላመለጡም። ቀነኒሳ በቀለ ነሐሴ 20 ቀን 1997 ዓ.ም. በብራስልስ 10,000 ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17 ነጥብ 53 ሰከንድ ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን የሰበረ ጀግና ነው። እርሱም በ2002 ዓ.ም. ባቱ ላይ በደረሰበት ጉዳት ለረዥም ጊዜ ከውድድር ርቋል። መስከረም 18 ቀን 2012 ዓ.ም. ግን በበርሊን ማራቶን 2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ገብቶ በዚያን ጊዜ ከነበረው የዓለም ክብረ ወሰን በሁለት ሰከንድ ብቻ ተሸነፈ። የቆመ ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ቀርቶ እንደማይቀር ከዚህ የተሻለ ምስክር ከየት ይገኛል?

ያን ጊዜ አራት ወር ተቀምጠን ሳለን አንድ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ወደ ምንጣፍ መራን። ያስተማረንም ዮጋ የሚባለውን የሕንዶች ጥበብ ነበር። ሕንዶች ለአገራችን እንግዳ አይደሉም፤ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤቶች ሒሳብና ሳይንስ ያስተማሩት የሕንድ መምህራን እጅግ ብዙ እንደ ነበሩ አባቶቻችን ያስታውሳሉ። ዮጋ የሚለው ቃል ሥሩ የሳንስክሪት ሲሆን ፍችው ማጣመድ፣ ማገናኘት ማለት ነው። ገበሬ ሁለቱን በሬዎች በአንድ ቀንበር አጣምዶ እኩል እንዲራመዱ እንደሚያደርግ፣ ዮጋም ሰውነትንና ትንፋሽን አጣምዶ ሐሳብን በሁለቱ ላይ እንዲያርፍ ያደርጋል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ታኅሣሥ 2 ቀን 2007 ዓ.ም. ሕንድ ያቀረበችውን ሐሳብ ተቀብሎ ሰኔ 14 ቀን የዮጋ ቀን ሆኖ በዓለም እንዲከበር ወስኗል።

አንባቢ ግን፣ «ይህ የውጭ አገር ነገር ለእኛ ሯጮች ምን ይረባል?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ከሕንድ ሳይሆን ከሻምበል አበበ ቢቂላ እንጀምር። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ኦሊምፒክ ስታዲዮም ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ሲጮኽ አበበ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨረሰ። የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ገና አምስት ሳምንት ገደማው ነበር። በሮም በባዶ እግሩ ካገኘው ድል ጋር ተደምሮ የኦሊምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ያን ጊዜ ምን አደረገ? አልወደቀም፤ በሰዎች ትከሻም አልተደገፈም። ወደ ሣሩ ሄዶ በጀርባው ተጋደመና እግሮቹን ወደ ሰማይ አንሥቶ ያንቀሳቅስ፣ ጎንበስ ብሎም የእግሩን ጣቶች ይነካ ጀመር። ሁለተኛው ሯጭ የደረሰው ከአራት ደቂቃ በኋላ ነው። በፊልም ተቀርጾ የቀረውን ይህን ትዕይንት የተመለከተ ሁሉ የሚገረመው በጥንካሬው ነው።

እኛ ግን ሌላም ነገር አየንበት። አበበ ያን ቀን ያደረገው ዮጋ ነበር አንልም፤ እርሱም በዚህ ስም አልጠራውም። ነገር ግን በዓለም ፊት የነገሠባት ሰዓት ሳታልፍ ለገዛ ሰውነቱ ጊዜ ሰጠ። ሩጫው ያለቀው መስመሩን ሲያልፍ ሳይሆን የደከመውን ሰውነቱን ሲያፍታታ ነበር። የሸሕዲው ተማሪ ከአበበ ሊወርሰው የሚገባው ፍጥነቱን ብቻ ሳይሆን ይህንንም ልማድ ነው።

አሁን ወደ ጥቅሙ እንግባ። የመጀመሪያው የትንፋሽ ነገር ነው። አብዛኞቻችን ስንሮጥ በደረታችን ላይኛው ክፍል ብቻ ቶሎ ቶሎ እንተነፍሳለን፤ ትከሻችን ወደ ጆሮአችን ይወጣል፣ አንገታችን ይገተራል። ዮጋ የሚያስተምረው ከሳንባ ሥር ያለው ትልቁ የመተንፈሻ ጡንቻ ሥራውን እንዲሠራ፣ ሆድ በመተንፈስ እንዲነፋና እንዲጎድል ነው። ይህን ለመልመድ በጀርባ ተጋድሞ አንድ እጅን በሆድ ላይ አኑሮ በአፍንጫ በዝግታ መሳብና ከዚያም ረዘም አድርጎ ማስወጣት ይበቃል። ትንፋሹን በምንጣፍ ላይ መግዛት የለመደ ሯጭ ዳገት ላይ ሲደርስ ቶሎ አይደናገጥም።

ሁለተኛው የጡንቻና የመገጣጠሚያ ነገር ነው። ሩጫ አንድን እንቅስቃሴ ሺህ ጊዜ መደጋገም ነው። እግር ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብቻ ይሄዳል፤ ወደ ጎን የሚያንቀሳቅሱት፣ ዳሌን ቀጥ አድርገው የሚይዙትና ቁርጭምጭሚትን የሚያጸኑት ጡንቻዎች ግን ይዘነጋሉ። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚውለው ወጣት ባለሥልጣንም የዳሌው ፊት እንደ ተኮራመተ ማታ ተነሥቶ ሲሮጥ ወገቡን ያመዋል። በዮጋ አንድ እግር ላይ ቆሞ ሌላውን ጫማ በጭን ውስጠኛ ክፍል ላይ ማሳረፍ አለ፤ ስሙም የዛፍ አቋቋም ይባላል። በእጅና በእግር መሬት ተደግፎ ዳሌን ወደ ላይ በማንሣት ባትንና ቋንጃን መሳብም አለ። አንዱን እግር ወደ ፊት አራምዶ የኋለኛውን ጉልበት መሬት በማስነካት የዳሌን ፊት መክፈትም አለ። ቀላል ይመስላሉ። በአንድ እግር ላይ አንድ ደቂቃ ለመቆም የሞከረ ሰው ግን የትኛው ቁርጭምጭሚቱ እንደ ደከመ ወዲያው ያውቃል።

ሦስተኛው፣ በእኛ አስተያየት ከሁሉም የሚበልጠው፣ ራስን ማዳመጥ ነው። በሩጫ ላይ ሰው ሰውነቱን ማዳመጥ አይወድም፤ ሕመሙን ረስቶ መግፋት እንደ ጀግንነት ይቈጠራል። በምንጣፍ ላይ ግን የሚቀደም ሰው የለም። ግራው ከቀኙ የበለጠ እንደ ገተረ፣ ጅማቱ ትናንት ያልነበረውን ሕመም ዛሬ እንዳመጣ ያን ጊዜ ይሰማል። ሕመም ገና ሹክሹክታ ሳለ የሰማው ሰው በሁለት ቀን ዕረፍት ይድናል፤ ጩኸት እስኪሆን የጠበቀው ግን እንደ እኛ አራት ወር ይቀመጣል።

እዚህ ላይ ግን እውነቱን ሁሉ መናገር ይገባናል። ስለ ዮጋ የሚነገረው ሁሉ ትክክል አይደለም። የሕክምና ጥናቶችን እየሰበሰበ የሚመረምረው ኮክሬን የተባለው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ግምገማ፣ ከእንቅስቃሴ በፊትም ሆነ በኋላ ጡንቻን መሳብ የማግሥቱን የጡንቻ ሕመም ይህን ያህል እንደማይቀንስ አረጋግጧል። እንዲሁም ከውድድር በፊት አንድን ጡንቻ ከአንድ ደቂቃ በላይ ስቦ መያዝ ለጊዜው ኀይሉን ያለዝበዋል። ስለዚህ ከሩጫ በፊት የሚያስፈልገው በእርምጃና በሶምሶማ ሰውነትን ማሟሟቅ ነው፤ የረጋው ዮጋ ከሩጫው በኋላ ወይም በማታ ይሁን። ዮጋ የተበጠሰ ጅማት አይቀጥልም፤ ሐኪምንም አይተካም። ለሙቀቱም መድኀኒት አይደለም። የቆላ ሯጭ ውሃና ጨው ያስፈልገዋል፤ ከደጋ የመጣ እንግዳም ሙቀቱን እስኪለምድ አሥር ዐሥራ አምስት ቀን በዝግታ ይሩጥ። ራሱን ያዞረው ወይም ንግግሩ የተዘበራረቀበት ሯጭ ወዲያውኑ ጥላ ውስጥ ገብቶ ውሃ ይፍሰስበት፤ ወደ ሕክምና ጣቢያም ይወሰድ። በሌላው ዓለም ሰዎች ገንዘብ ከፍለው እስከ 40 ዲግሪ በተሞቀ ክፍል ውስጥ ዮጋ እንደሚሠሩ ስንሰማ ሳቅን። ይህማ ለሸሕዲ ሰው በነፃ የተሰጠ ነገር ነው፤ ማንም ግን እንደ ጥቅም አይቈጥረውም!

ሌላው ሊነሣ የሚችለው ተቃውሞ የሃይማኖት ነው። አንድ ማታ ከዚያ ተማሪ ጋር በግቢው ውስጥ ሰሌን አንጥፈን እግራችንን ግድግዳ ላይ ሰቅለን ተጋድመን ሳለ፣ በጎረቤት ያሉ አንድ አዛውንት አጥሩን ተደግፈው ሲመለከቱን ቆዩና፣ «እናንተ ልጆች፣ ምን ሆናችሁ ነው? ይኸ ደግሞ የማን አገር ጸሎት ነው?» ሲሉ ጠየቁን። «አባባ፣ ጸሎት አይደለም፤ እግራችንን እያሳረፍን ነው» አልናቸው። «እንዲህ ከሆነማ እኔም ጉልበቴን ያመኛል» ብለው ሄዱ።

የአዛውንቱ ጥያቄ ግን የሚናቅ አይደለም። ዮጋ በተወለደበት አገር ከፍልስፍናና ከሃይማኖት ጋር የተቈራኘ መሆኑን መካድ ቅንነት አይሆንም። ሕሊናው የሚጠራጠር ሰው ማንንም ተከትሎ ማንትራ የሚሉትን ድጋም እንዲደግም አንመክርም። ነገር ግን ጡንቻን ማፍታታትና ትንፋሽን ማርጋት የማንም ሃይማኖት ብቻ ንብረት አይደለም። የእኛ ክርስቲያን በስግደቱ፣ ሙስሊሙም በሶላቱ በየቀኑ ጎንበስ ቀና ይላል። በጣሊያን አገር የፓቪያ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2001 በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ያወጡት ጥናትም ይህንኑ ይመሰክራል። 23 ጤነኛ ሰዎች የካቶሊኮችን የመቁጠሪያ ጸሎትና የዮጋን ማንትራ በየተራ እንዲደግሙ ሲደረግ በሁለቱም ጊዜ ትንፋሻቸው ወደ ስድስት ገደማ በደቂቃ ዝቅ አለ፤ የልባቸው ሥርዐትም ተሻሻለ። ሰውነት የሚያውቀው ትንፋሹ ዝግ ማለቱን ነው። እንግዲህ እምነቱን የጠበቀ ሰው በራሱ ጸሎት ትንፋሹን ቢያረጋጋ የሚከለክለው የለም።

ለሸሕዲና ለመሰል የቆላ ከተሞች ሯጮች የምንመክረው እንደሚከተለው ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቶ ዐሥር ደቂቃ በእርምጃና በሶምሶማ ማሟሟቅ፤ ፀሐይ ሳትበረታ መሮጥ፤ ከዚያም በጥላ ሥር ውሃ እየጠጡ ከባት፣ ከቋንጃና ከዳሌ ላይ ዐሥራ አምስት ደቂቃ ማሳለፍ። እያንዳንዱን አኳኋን ለግማሽ ደቂቃ ያህል መያዝ ይበቃል፤ የሚወጋ ሕመም ከመጣ ግን ወዲያውኑ መተው ያሻል። ማታ ነፋሱ ቀዝቀዝ ሲል እግርን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ዐሥር ደቂቃ መተንፈስ። በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ጨርሶ አለመሮጥ። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው አንድ ሰሌን ነው። መሣሪያም፣ አዳራሽም፣ የሚከፈል ገንዘብም አይጠይቅም። መንገድ ላይ መሮጥ የማይመቻት ልጃገረድም፣ ጸጥታው ከቤት ያላስወጣው ወጣትም በግቢው ውስጥ ሊሠራው ይችላል።

ይህ ግን የሯጩ ሸክም ብቻ ሆኖ እንዲቀር አንፈልግም። በየትምህርት ቤቱ ያሉ የሰውነት ማጎልመሻ መምህራን ሯጩን ስንት ዙር እንደ ሮጠ ብቻ ሳይሆን ስንት ሰዓት እንደ ተኛና የቱ ጋ እንደሚያመው ይጠይቁት። በወጣቶችና በስፖርት ጽሕፈት ቤቶች የምትሠሩ የዕድሜ እኩዮቻችንም የመምረጫውን ውድድር ስታዘጋጁ ቀኑን አስቀድማችሁ አስታውቁ፤ በሙቀቱ ወራትም በማለዳ አድርጉት። በድንገት የተጠራ ወጣት የታመመ እግሩን ይዞ ይመጣልና። አንድ ልጅ በዐሥራ ሰባት ዓመቱ ጅማቱን ቢያጣ የሚጠፋው የአንድ ውድድር ውጤት ሳይሆን ከዚያ በኋላ ሊሮጥባቸው የሚችልባቸው ዓመታት ናቸው።

ስለዚያ ተማሪ መጨረሻውን መስማት የሚፈልግ አንባቢ ይኖራል። በምርጫው አልተወዳደረም። ውድድሩ በተደረገበት ማለዳ ከመንገዱ ዳር ቆሞ ጓደኞቹን ሲያይ ዐይኑ ዕንባ አቅርሮ ነበር፤ እኛም የምንለው ጠፍቶን ዝም ብለን አጠገቡ ቆምን። ከሸሕዲ በተነሣንበት ቀን ግን እብጠቱ ቀንሶ በእርምጃ ሲያሟሙቅ አገኘነው። «ጋሼ፣ የዛፉን አንድ ደቂቃ ቆምሁት» አለን። በግራው እግሩ ነበር።